ቡናችንና የሰው አገር ኬላ

ከጅማ ተጭኖ ወደ አዲስ አበባ የሚወጣ ቡና ዛሬ በመንገድ ላይ ስንት ጊዜ እንደሚቆም የሚያውቀው ሾፌሩ ነው። ከመቶ ሃያ ዓመት በፊት ግን ይኸው ቡና በበቅሎ ጀርባ ሲጓዝ የት የት ቆሞ ስንት እንደሚከፍል ነጋዴ ሁሉ በቃሉ ያውቀው ነበር። ዛሬ በቾ ቦሬን የመሳሰሉ ሰፈሮች የሞሉባት ጅማ፥ በዳግማዊ አባ ጅፋር ዘመን ስሟ የሚነሣው ሂርማታ በሚባለው ገበያዋ ነበር። ከሊሙ፥ ከጎማ፥ ከጌራ፥ ከከፋ የሚመጣው ሲራራ ነጋዴ እዚያ ይገናኛል። አባ ጅፋር ለአፄ ምኒልክ እየገበሩ አገራቸውን በራሳቸው ሥርዓት ያስተዳድሩ ስለ ነበር፥ በአገራቸው ዳርቻ የራሳቸው ኬላ ነበራቸው፤ የሚገባውም የሚወጣውም የተቆረጠበትን ሳይከፍል አያልፍም። ጅማን ከለቀቀ በኋላም ነጋዴው ከአንዱ ገዥ ወሰን ወደ ሌላው በተሻገረ ቁጥር ሌላ ኬላ፥ ሌላ ጠባቂ፥ ሌላ ክፍያ ይጠብቀዋል።

ነገሬን በኬላ የጀመርሁት ያለ ምክንያት አይደለም። «ታሪፍ» የሚለውን ቃል በክፍል ውስጥ የጠራሁ እንደ ሆነ የተማሪዎቼ ዓይን ወዲያው ወደ መስኮቱ ይሄዳል። «ኬላ» ያልሁ እንደ ሆነ ግን ሁሉም ይሰማል፤ ኬላ ያላስቆመው ዘመድ የሌለው ማን አለ? እንግዲህ ታሪፍ ማለት በወደብ ላይ የተተከለ ኬላ ነው። ዛሬ የምንነጋገርበት ደግሞ ጠባቂው ሁሉን እኩል የማያስከፍልበት ኬላ ነው። አንዱን «አንተ የቤት ልጅ ነህ፥ እለፍ» ይለዋል፤ ሌላውን «አንተ እንግዳ ነህ፥ ክፈል» ይለዋል። ነጋዴ ለደንበኛው ዋጋ ሲቀንስ «አስተያየት አደረገለት» እንል የለምን? ቅኝ ግዛት የነበራቸው መንግሥታትም ለየግዛቶቻቸው ያደረጉት ይኸንኑ ነው፤ የቀረጥ አስተያየት እንበለው። ዓመታቱን በእኛው አቆጣጠር እጽፋቸዋለሁ።

እንግሊዝ ለረጅም ጊዜ ነፃ ንግድን የምትሰብክ አገር ነበረች። ፋብሪካዋ ከሁሉ የቀደመ ስለ ነበር የማንንም ዕቃ አትፈራም፤ የማይፈራ ሰው አጥር አያጥርም። ሌሎቹ ሲደርሱባት ግን ስብከቷ እየቀዘቀዘ ሄደ። በ1911 ዓ.ም. ከግዛቶቿ በሚመጣው ሻይ፥ ቡና፥ ካካዎና ስኳር ላይ ከቀረጡ ስድስተኛውን እጅ ቀነሰች። በ1924 ዓ.ም. ደግሞ፥ ዓለም በኢኮኖሚ ውድቀት ሲጨነቅ፥ ከውጭ በሚገባው በአብዛኛው ዕቃ ላይ 10 በመቶ ቀረጥ ጣለች፤ በዚያው ዓመት በሐምሌና በነሐሴ በካናዳ ከተማ በኦታዋ የግዛቶቿን መንግሥታት ሰብስባ፥ እናንተ ለፋብሪካ ዕቃዬ አስተያየት አድርጉልኝ፥ እኔም ለእህላችሁ፥ ለሥጋችሁና ለፍሬያችሁ አደርግላችኋለሁ ተባባሉ። ፈረንሳይም ከዚህ ቀደም ብላ በዚሁ መንገድ ትሄድ ነበር። የአይቮሪ ኮስት ቡና ወደ ማርሴይ ወይም ወደ ለ ሃቭር ሲገባ እንደ ቤተሰብ ያልፋል፤ የብራዚል ቡና ግን ይከፍላል። ከጥቂት ዐሥርት ዓመታት በፊት ቡና በብዛት የማይታወቅባት አይቮሪ ኮስት ከዓለም ታላላቅ ቡና አምራቾች አንዷ ለመሆን የበቃችው በዚህ አጥር ጥላ ሥር ነው።

እዚህ ላይ ቆም ብለን፥ በዚህ አስተያየት የሚጠቀመው ማነው ብለን እንጠይቅ። የኬንያን ነገር ውሰዱ። የኬንያ ቡና ወደ ለንደን በቅናሽ ቀረጥ ይገባ ነበር። ዳሩ ግን አፍሪቃውያኑ ገበሬዎች ራሳቸው ለብዙ ዓመታት ቡና እንዳይተክሉ ተከልክለው ነበር። ተካዩ በደጋው መሬት የሰፈረው ነጭ ነው፤ አፍሪቃዊው ደሞዝተኛ ለቃሚ ነው። ስለዚህ «ለኬንያ የተደረገ አስተያየት» ሲባል ኬንያ ማለት ማን እንደ ሆነ ማጣራት ያስፈልጋል። በአገር ስም የሚጻፍ ቅናሽ ሁሉ በአገሬው ኪስ ይገባል ብሎ ማመን የዋህነት ነው።

አሁን ወደ ራሳችን እንምጣ። ኢትዮጵያ በ1888 ዓ.ም. ዓድዋ ላይ ድል አድርጋ ነፃነቷን ስላስከበረች የማንም «የቤት ልጅ» አልነበረችም። ስለዚህ ቡናዋ በሄደበት ሁሉ እንግዳ ሆኖ ይከፍላል። ይህ የነፃነት ዋጋ ነው፤ ማንም አይቆጭበትም። የሚያስቆጨው ሌላ ነገር ነው። ነፃይቱ አገር በሰው ኬላ እንደ እንግዳ ስትከፍል፥ በራሷ ኬላ ላይ እንደ ባለቤት ማስከፈል አልቻለችም።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ1900 ዓ.ም. የፈረንሳይ መልእክተኛ ክሎቡኮቭስኪ ከአፄ ምኒልክ ጋር የወዳጅነትና የንግድ ውል ተዋዋለ። የባቡር ሐዲዱ ገና ድሬዳዋ ላይ ቆሟል፤ አገሪቱ ወደ ባሕር የምትወጣበት በር በእጇ የለም፤ እንግዲህ ከፈረንሳይ ጋር ውል ማድረግ ግድ ነበር። በዚያ ውል ውስጥ ስለ ፈረንሳዮች ዳኝነት የተጻፈው ብዙ ጊዜ ይነገራል። ስለ ቀረጥ የተጻፈው ግን ይረሳል፤ እኔ ደግሞ የባሰው እርሱ ይመስለኛል። ወደ ኢትዮጵያ በሚገባው ዕቃ ላይ ቀረጡ ከ10 በመቶ እንዳይበልጥ፥ በወይን ጠጅ፥ በቢራና በመሳሰለው መጠጥ ላይ ደግሞ ከ8 በመቶ እንዳይበልጥ ተወሰነ። ሌሎቹም መንግሥታት «ለአንዱ የተሰጠው ለእኛም ይሰጠን» የሚል አንቀጽ በየውላቸው ስለ ነበራቸው፥ ለአንዱ የተፈቀደው ለሁሉም ሆነ።

አስቡት እንግዲህ። መጠጥ ከጨርቅ ባነሰ ቀረጥ የሚገባበት አገር! የመንግሥት ግምጃ ቤት ገንዘብ ሲያስፈልገው፥ ትምህርት ቤት ወይም መንገድ ሊሠራ ሲያስብ፥ ከውጭ በሚመጣው ዕቃ ላይ ጥቂት ልጨምር ማለት አይችልም፤ እጁ በውል ታስሯል። የአገር ውስጥ ሸማኔን ከማንቸስተርና ከቦምቤይ አቡጀዲ ልጠብቅ ቢልም አይችልም። ታዲያ ገንዘቡ ከየት ይምጣ? ከውስጥ ነው እንጂ ከየት ይመጣል፤ ከገበሬው፥ ከሲራራ ነጋዴው፥ ከየመንገዱ ኬላ። የሂርማታው ነጋዴ በየወንዙ ዳር የሚከፍለው ከዚህ ጋር ግንኙነት የለውም ልንል አንችልም።

በ1923 ዓ.ም. የአፄ ኃይለ ሥላሴ መንግሥት አንድ ብልሃት አገኘ። ቀረጥ እንዳይጨመር ውሉ ይከለክላል፤ ግብር ግን አይከለክልም። ስለዚህ ከውጭ በሚገባ ዕቃ ላይ የኤክሳይዝና የፍጆታ ግብር የሚባል አዲስ ሕግ ወጣ። ይህ በወደብ ላይ የሚከፈል ቀረጥ ሳይሆን ዕቃው በአገር ውስጥ በመበላቱና በመጠጣቱ የሚከፈል ነው ተባለ። የውጭ መንግሥታት ሌጋሲዮኖች ወዲያው ተቃወሙ፤ ስሙ ቢለወጥም ዕቃው ያው ነው አሉ። እውነትም ያው ነበር። ይሁን እንጂ እኔ ይህን ሕግ ባሰብሁ ቁጥር፥ በየጠረጴዛው ተቀምጠው ያረቀቁትን ስማቸው የማይነሣ ጸሐፊዎች በልቤ አመሰግናለሁ። ወደ ኋላ ይህንኑ ብልሃት ሌላ አገር ላይ እናገኘዋለን።

የምዕራቡ ቡና ደግሞ ሌላ በር ነበረው። በ1894 ዓ.ም. አፄ ምኒልክ ከእንግሊዝ ጋር በተዋዋሉት የወሰን ውል፥ በባሮ ወንዝ ዳር ለንግድ ጣቢያ የሚሆን መሬት ለእንግሊዝና ለሱዳን መንግሥት ተፈቀደ፤ ይኸውም ጋምቤላ ነው። የኢሉባቦርና የወለጋ ቡና ክረምት ሲመጣና ወንዙ ሲሞላ በመርከብ ወደ ካርቱም ይወርድ ነበር። አንዱ በር በፈረንሳይ እጅ፥ ሌላው በር በእንግሊዝ እጅ ነበር ማለት ነው። ባለቡናው መሀል ላይ ነው።

ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ድረስ ግን ነገሩ ተገለበጠ። ፋሽስት ኢጣልያ አገራችንን ወረረች፤ ጅማንም ለደቡብ ምዕራቡ ግዛቷ ዋና ከተማ አደረገቻት። ለአምስት ዓመት ያህል ቡናችን በግድ «የቤት ልጅ» ሆነ። የኢጣልያ ሐሳብ ግልጽ ነበር፤ በውጭ ምንዛሪ ከብራዚል ከመግዛት በሊራ ከራሴ ግዛት ላምጣ የሚል ነው። በጽሑፍ ሲያዩት መልካም ይመስላል። በገበያ ላይ ግን ሌላ ሆነ። የጅማና የአካባቢው ሰው ለቡናው የሚፈልገው የማርያ ቴሬዛን ብር ነው፤ የወረቀት ሊራ ቢሰጡት ጨርቅ እንኳ አልገዛበትም ይላል። ኢጣልያኖች ሊራቸውን በሕግ ሊያስገድዱ ሞከሩ፤ ደግሞም የማርያ ቴሬዛን ብር ራሳቸው በሮማ ያሳትሙ ነበር። ጠላት ገንዘቡን በአዋጅ እያስገደደ የምትወደደውን ብር በጓዳ ሲያሳትም ማየት ያስቃል።

ሚዛኑም እንደ ታሰበው አልሆነም። ከኢትዮጵያ ወደ ኢጣልያ ከሄደው ዕቃ ይልቅ ከኢጣልያ ወደዚህ የመጣው እጅግ ይበልጥ ነበር፤ ሲሚንቶው፥ መኪናው፥ ዱቄቱ፥ ፓስታው። የቤት ልጅነቱ ለቡናው ገበሬ ያመጣለት ጥቅም ቢኖር ኖሮ ገበሬው ቡናውን ይዞ በደስታ ወደ ገበያ በወጣ ነበር። በጫካው ውስጥ ያለው አርበኛ ደግሞ መልሱን በጠመንጃ ይሰጥ ነበር። በሰኔ 1933 ዓ.ም. ጅማ ከጠላት እጅ ወጣች።

ከጦርነቱ በኋላ ቅኝ ግዛቶች አንድ በአንድ ነፃ ወጡ። እንግዲህ የቀረጥ አስተያየቱም አብሮ የሚቀር ይመስላል። አልቀረም። በ1949 ዓ.ም. ስድስት የአውሮፓ መንግሥታት በሮማ ተሰብስበው የጋራ ገበያ ሲያቋቁሙ፥ ፈረንሳይ የአፍሪቃ ግዛቶቿ ከአጥሩ ውጭ እንዳይቀሩ አጥብቃ ጠየቀች፤ ጥያቄዋም ተፈጸመላት። ግዛቶቹ ነፃ ከወጡ በኋላ በ1955 ዓ.ም. በካሜሩን ከተማ በያውንዴ አዲስ ስምምነት ተፈረመ። በዚህም 18 የአፍሪቃ መንግሥታት፥ ማዳጋስካርንም ጨምሮ፥ ከጋራ ገበያው ጋር ተሻረኩ። ቡናቸው ያለ ቀረጥ ይገባል። በሌላው አገር ጥሬ ቡና ላይ በሮማ ውል የተቆረጠው 16 በመቶ ነበር፤ ከያውንዴው ስምምነት ጋር ወደ 9.6 በመቶ፥ በኋላም ወደ 7 በመቶ ዝቅ ተደረገ። ኢትዮጵያ ከ18ቱ ውስጥ አልነበረችም።

ሒሳቡን እንሥራው፤ እርሳስ ያለው እርሳሱን ያንሣ። አንድ መጠን ቡና በአውሮፓ ወደብ 100 ብር ያወጣል እንበል። ከሩዋንዳ የመጣው ያለ ቀረጥ ስለሚገባ በ100 ብር ይሸጣል። የእኛው 9.6 በመቶ ሲጨመርበት 109 ብር ከ60 ሳንቲም ይሆናል። ገዢ ደግሞ ለተመሳሳይ ቡና ብልጫ አይከፍልም። ስለዚህ የእኛ ላኪ ከሩዋንዳው እኩል ለመሸጥ የራሱን ዋጋ ወደ 91 ብር ከ24 ሳንቲም ማውረድ አለበት፤ በዚህ ላይ 9.6 በመቶ ሲጨመር 100 ይሞላልና። የጎደለው 8 ብር ከ76 ሳንቲም ከማን ኪስ ወጣ? ላኪው ለአቅራቢው፥ አቅራቢው ለሰብሳቢው፥ ሰብሳቢው ለገበሬው ይቀንሳል። ገበሬው ግን የሚቀንስበት ሰው የለውም። ብራሰልስ ላይ በወረቀት የተጻፈች ቁጥር አጋሮ ገበያ ላይ በሚዛን የምትታየው በዚህ መንገድ ነው።

ይሁንና ነገሩን እንዳናጋንነው። ከምዕራብ አፍሪቃ ይመጣ የነበረው ቡና አብዛኛው ሮቡስታ የሚባለው ዓይነት ነው፤ የእኛ አረቢካ ነው፤ ጣዕሙም ገዢውም ይለያያል። ያን ጊዜ የኢትዮጵያን ቡና በብዛት ትገዛ የነበረችው ደግሞ አሜሪካ ነበረች፤ አሜሪካ ከ1864 ዓ.ም. ጀምሮ በቡና ላይ ቀረጥ አታስከፍልም ነበር። የሩዋንዳና የቡሩንዲ ቡና ግን እንደ እኛው አረቢካ ስለ ሆነ ጉዳቱ የለም ማለት አይቻልም። ቀረጡ የሠራው ትልቁ ነገር የሚመስለኝ ዋጋ መቀነሱ ሳይሆን መንገድ ማስለመዱ ነው። የአውሮፓ ገዢ አስተያየት ወዳለበት ወደብ መሄድ ለመደ፤ የለመደውን መንገድ ደግሞ ሰው ቶሎ አይለቅም።

አስተያየት ያገኘውስ ተጠቀመ? ጎረቤታችንን ሶማሊያን እንመልከት። ኢጣልያ በ1928 ዓ.ም. ገደማ የሙዝ ንግድን ለአንድ የመንግሥት ሞኖፖል ሰጥታ፥ በሸበሌና በጁባ ወንዞች ዳር የኢጣልያ ባለርስቶች የሚያመርቱትን ሙዝ በተጠበቀ ዋጋ ትገዛ ነበር። ሶማሊያ በ1952 ዓ.ም. ነፃ ስትወጣም ሙዙ በዚያው መንገድ ቀጠለ። የሶማሊያ ሙዝ ከሌላው አገር ሙዝ የተወደደ ነበር፤ የሚሸጠው ኢጣልያዊው ሌላ እንዳይገዛ በሩ ስለ ተዘጋበት ነው። በ1950ዎቹ ማለቂያ አካባቢ ሞኖፖሉ ቀረ፤ ወዲያው ደግሞ በ1959 ዓ.ም. የስዊዝ ቦይ ተዘግቶ መርከቦቹ አፍሪቃን ሊዞሩ ተገደዱ። አንድ በር ብቻ ያለው ቤት በሩ ሲዘጋ ምን እንደሚሆን መናገር አያሻም። የሰው ወርቅ አያደምቅ የሚለውን ተረት ለዚህ ቢጠቅሱት አላግባብ አይሆንም።

በየካቲት 1967 ዓ.ም. በቶጎ ከተማ በሎሜ ከአፍሪቃ፥ ከካሪቢያንና ከፓሲፊክ የተሰበሰቡ 46 መንግሥታት ከዘጠኙ የአውሮፓ መንግሥታት ጋር አዲስ ውል ፈረሙ። ከ46ቱ አንዷ ኢትዮጵያ ነበረች። የማንም ቅኝ ያልነበረችው አገር በቀድሞ ቅኝ ግዛቶች ማኅበር ገብታ ቡናዋን ያለ ቀረጥ ማስገባት የጀመረችው፥ አፄው ወርደው ደርግ በተቀመጠበት ዓመት ነው። ቀረጡ ከመነሣቱም ሌላ፥ ከቡናና ከመሳሰለው ሽያጭ የሚገኘው ገቢ ከቀደሙት አራት ዓመታት አማካይ በታች ሲወርድ የሚተካ ገንዘብ በውሉ ተመደበ።

ጊዜው ግን ቀረጥ ታላቅ ነገር የነበረበት ጊዜ እያለፈ ነበር። ከ1955 ዓ.ም. ጀምሮ የቡና አምራችና ሸማች አገሮች በዓለም አቀፍ ስምምነት እያንዳንዱ አምራች የሚልከውን ኮታ ይወስኑ ነበር፤ በዚህም ዋጋው ይጠበቅ ነበር። በ1981 ዓ.ም. ክረምት ኮታው ፈረሰ፤ በጥቂት ወራት ውስጥ የቡና ዋጋ ወደ ግማሽ ወረደ። ጥቂት በመቶ ብቻ በቀረው የቀረጥ ልዩነት ሲደሰት የነበረ ሰው ዋጋው ራሱ በግማሽ ሲወርድ ምን ይላል? ጃንጥላ ይዞ ጎርፍ እንደ መጣበት ሰው ይሆናል።

ዛሬ ያለው ሁኔታ ደግሞ ብዙ ሰው የማያውቀው ነው። ወደ አውሮፓ ኅብረት የሚገባ ጥሬ ቡና ከየትም ይምጣ ከየት ቀረጥ የለበትም። የብራዚልም ዜሮ፥ የቬትናምም ዜሮ፥ የእኛም ዜሮ ነው። ስለዚህ በጥሬ ቡና ላይ ያለን አስተያየት ሁሉም ስላገኘው አስተያየትነቱ ቀረ። በተቆላ ቡና ላይ ግን 7.5 በመቶ አለ። እዚህ ላይ ኢትዮጵያ በድኻ አገሮች ስም ከ1993 ዓ.ም. ጀምሮ ከጦር መሣሪያ በስተቀር ማንኛውንም ዕቃ ያለ ቀረጥ እንድታስገባ ተፈቅዶላታል። በሌላ አነጋገር፥ ብራዚል ቡናዋን ቆልታ ብትልክ 7.5 በመቶ ትከፍላለች፤ እኛ ብንልክ አንከፍልም። በሩ ሃያ አምስት ዓመት ያህል ክፍት ነው። እኛ ግን እስከ ዛሬ የምንልከው ከሞላ ጎደል ጥሬውን ነው።

ለምን? ተማሪዎቼ ቶሎ ብለው «ፋብሪካ ስለሌለን» ይላሉ። መቁያ መግዛት ከባድ አይደለም፤ በየከተማው አለ። የሚከብደው ሌላው ነው። የተቆላ ቡና ጣዕሙ ቶሎ ይበርዳል፤ ከጅማ ተነሥቶ በጂቡቲ በኩል በመርከብ ሐምቡርግ እስኪደርስ ሳምንታት ያልፉታል። የአውሮፓ ቆዪ የአምስት አገር ቡና ቀላቅሎ ደንበኛው የለመደውን ጣዕም ያወጣል፤ እኛ ያለን የራሳችን ብቻ ነው። ከሁሉ በላይ ደግሞ ስሙ የእርሱ ነው፤ በሱቅ መደርደሪያ ላይ የሚታየው የቆዪው ስም እንጂ የገበሬው አይደለም። ቡና የማይበቅልባቸው ጀርመንና ኢጣልያ የተቆላ ቡና ለዓለም የሚሸጡት፥ በአጥር ውስጥ ተቀምጠው ይህን ሁሉ ከመቶ ዓመት በላይ ስላከማቹ ነው። አጥሩ ቢነሣም ክምችቱ በቦታው አለ።

በዚህ ላይ የራሳችን ስንፍናም አለበት። «ጅማ 5» የሚባለውን የቡና ደረጃ የዓለም ነጋዴ ሁሉ ያውቀዋል፤ የሚያውቀው ግን ለመቀላቀያ የሚሆን ርካሽ ደረቅ ቡና ብሎ ነው። ያው መሬት፥ ያው ዛፍ ነው፤ ልዩነቱ ቀዩን እሸት ለይቶ መልቀም፥ በጊዜ ማጠብ፥ በአልጋ ላይ ማድረቅ ነው። በአጋሮ ዙሪያ ያሉ የገበሬ ማኅበራት ባለፉት አሥራ አምስት ዓመታት ገደማ ይህን አድርገው ቡናቸውን በማኅበራቸው ስም እየሸጡ ነው። ለዚህ የማንም ቀረጥ መቀነስ አላስፈለጋቸውም።

ወደ ጀርመን ስንመለስ ያቺን የ1923 ዓ.ም. ብልሃት እናገኛታለን። ጀርመን በጥሬ ቡናችን ላይ ቀረጥ አትቀበልም። ነገር ግን በአገሯ በሚጠጣው በእያንዳንዱ ኪሎ የተቆላ ቡና ላይ 2 ዩሮ ከ19 ሳንቲም የቡና ግብር ትሰበስባለች። ቀረጥ አይደለም፤ የፍጆታ ግብር ነው! ኢትዮጵያ በ2017 በጀት ዓመት ቡና ልካ 2.6 ቢሊዮን ዶላር በላይ ያገኘችው ወደ 469,000 ቶን የሚጠጋ ቡና ሸጣ ነው፤ ሲካፈል ለኪሎ 5 ዶላር ከ60 ሳንቲም አካባቢ ይሆናል። ተክሎ፥ ኮትኩቶ፥ ለቅሞ፥ አድርቆ፥ ጭኖ ከሚገኘው ከዚህ ገንዘብ ጋር፥ የጀርመን ግምጃ ቤት ቁጭ ብሎ የሚቀበለውን አስተያዩት።

አሜሪካም በዚህ ረገድ ሁለት ትምህርት ሰጥታናለች። በ1992 ዓ.ም. ለአፍሪቃ አገሮች ዕቃ ቀረጥ የሚያነሣ ሕግ አወጣች፤ አጎዋ የምንለው ነው። በዚያ ተስፋ የሐዋሳ የኢንዱስትሪ ፓርክ በ2008 ዓ.ም. ተከፈተ፤ ብዙ ሺህ ወጣቶች፥ አብዛኞቹ ሴቶች፥ ልብስ እየሰፉ ደሞዝ አገኙ። በሰሜኑ ጦርነት ምክንያት፥ የሰብአዊ መብት ጥሰት ተፈጽሟል ተብሎ፥ በታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ከአጎዋ ተሰረዘች። የተኮሰችም ያዘዘችም ያልሆነች የልብስ ሰፊ ሥራዋን አጣች። የሰጠው መንግሥት በፊርማ የሰጠውን በፊርማ ወሰደ፤ ሕጉም ይህን ይፈቅድለታል።

ሁለተኛው ይበልጥ የሚያስገርም ነው። በ2017 ዓ.ም. መጋቢት መጨረሻ አሜሪካ ከዓለም ሁሉ በሚገባ ዕቃ ላይ አዲስ ቀረጥ ስትጥል ኢትዮጵያ 10 በመቶ ደረሰባት፤ ከመቶ ሃምሳ ዓመት በላይ ቀረጥ የማያውቀው ቡናም አልተማረም። በሐምሌ መጨረሻ ደግሞ በብራዚል ላይ ከዚህ ሌላ ተጨምሮ ቀረጧ 50 በመቶ ደረሰ። ስለዚህ የኢትዮጵያ ቡና ሳይጠይቅና ሳይደራደር ከብራዚል ቡና በ40 በመቶ የቀለለ ሆኖ አደረ። በኅዳር 2018 ዓ.ም. ቀረጡ ከቡና ላይ ለሁለቱም ተነሣና ብልጫው ጠፋ። በእነዚያ ሦስት ወራት ከፍ ያለ ትርፍ አልሞ ቡና ያከማቸ ሰው ካለ፥ በሌላው ሰው ኬላ ላይ ቤት እንደ ሠራ ይቁጠረው።

አሁን ደግሞ ቀረጥ የማይባል አዲስ ጠባቂ እየመጣ ነው። የአውሮፓ ኅብረት በ2015 ዓ.ም. ያወጣው ሕግ፥ ከታኅሣሥ 2013 ዓ.ም. በኋላ ደን ከተመነጠረበት መሬት የመጣ ቡና በገበያዬ አይሸጥም ይላል፤ ቡናው የበቀለበት ማሳ በካርታ ላይ እንዲታወቅም ይጠይቃል። የሚጀመርበት ቀን ሁለት ጊዜ ተራዝሟል። በጌራና በሊሙ በዛፍ ጥላ ሥር ቡና ያሳደገ ገበሬ ደን ጠባቂ እንጂ ደን መንጣሪ አይደለም፤ ዳሩ ግን ያንን የሚያስረዳ ወረቀት በእጁ የለም። ቀረጡ ዜሮ ሆኖ ሳለ ወረቀት በማጣት በሩ ላይ የሚቀር ቡና ይኖራል ማለት ነው። ማሳውን ለክቶ የሚመዘግበው የወረዳ ሠራተኛ ከብራሰልስ አምባሳደር ያላነሰ ሥራ አለበት።

በመጨረሻ የራሳችንን ኬላ ነገር ላንሣ። ኢትዮጵያ የአፍሪቃ አህጉራዊ ነፃ የንግድ ቀጠና ስምምነትን በ2011 ዓ.ም. አጽድቃለች። በዚህ ስምምነት አፍሪቃውያን መንግሥታት ከአብዛኛው ዕቃ ላይ ቀረጥ ደረጃ በደረጃ እንዲያነሡ ተስማምተዋል፤ የትኛው ዕቃ መቼ እንደሚነሣለት፥ የትኛውስ ለጊዜው እንደሚቆይ፥ በየአገሩ ዝርዝር ይዘጋጃል። ክሎቡኮቭስኪ ያሰረው እጅ ዛሬ ተፈትቷል፤ ዝርዝሩን የምንጽፈው እኛው ነን። ከዚህ ገጽ አንባብያን መካከል በጉምሩክ፥ በንግድ ወይም በገንዘብ መሥሪያ ቤት ጠረጴዛ ያላችሁ አላችሁ፤ ተማሪዎችም ነገ እዚያው ትቀመጣላችሁ። የሌሎቹ አገሮች ዝርዝር በእጃችሁ በገባ ጊዜ ከቁጥር 0901 ጀምሩ፤ ቡና ያለው እዚያ ነው። 0901.11 የሚለው ጥሬው ነው። ጥቂት መስመር ዝቅ ስትሉ 0901.21 አለ፤ የተቆላው ነው። በሁለቱ መስመሮች ፊት ለፊት የተጻፉትን ቁጥሮች አስተያዩ፤ በግብፅ ስንት ነው፥ በአልጄሪያ ስንት ነው፥ በሱዳን ስንት ነው? ከዚያም የራሳችንን ዝርዝር ግለጡና በዚያው ቁጥር ፊት ምን እንደ ተጻፈ ተመልከቱ።